ያልተሠራው ፎቅ

«ሃያ አራት ነው ያለኝ። እኔ እኮ ሃምሳ ይለኛል ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነበር የሄድኩት» አለ ሰውየው በስልኩ። ጉልበቱ ከኑቢያ የጨርቅ ማዳበሪያ ጋር ይጋፋል። የኬብል መጓጓዣው ከሸለቆው ተነስቶ በጣሪያዎቹ ላይ እየተንጠለጠለ ዳገቱን ይወጣል፤ በአንዷ ሣጥን ውስጥ ስምንት ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ የአንዱ ስልክ የሁሉም ስልክ ነው። «አዎ፣ አረንጓዴዋ ቤት፣ ከጣቢያው ሥር ያለችው። ምድር ቤቱ የእህትየዋ፣ ፎቁ የወንድምየው፣ ጣሪያው የሁለቱም። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ እንፈራረማለን። መተላለፊያውንማ እህትየዋ ትሰጣለች፣ እሱን ለኔ ተወው ብሎኛል ወንድሟ። አንተ ብቻ እንዳትተነፍስ፤ ሳይነቁ ይለቅ።»

እህትየዋ ኑቢያ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከታች ከተማ ካለ የልብስ ፋብሪካ የተቆረጠ የውስጥ ሱሪ በማዳበሪያ ተሸክማ ትወጣለች፣ በምድር ቤቷ ትሰፋለች፣ ሰፍታ ትመልሳለች። ገዢውን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ከእሱ ጋር የተነጋገረው ወንድሟ ሩቢየል ነው። አሁን ገዢው በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጦ የተላጨ አገጩን እያሻሸ ስለ እሷ ያወራል፤ እሷ ደግሞ ማንነቷን አልነገረችውም። ያልነገረችው ፈርታ አይደለም። መዘረፍ አለመዘረፏን ስላላወቀች ነው። ሃያ አራት ሚሊዮን ፔሶ እስከ ትናንት ብዙ ገንዘብ ነበር፤ አሁን በሁለት ጣቢያ መካከል ትንሽ ሆነ። ብዛቱም ትንሽነቱም ግን ከሰው አፍ የሰማችው እንጂ ራሷ የምታውቀው አልነበረም። ሣጥኗ ጣቢያው ላይ ደርሳ በሩ ሲከፈት ማዳበሪያውን እንደ ላባ አንጠልጥላ ወረደች። እስከ አስር ሰዓት ስምንት ሰዓት ያህል ነበራት።

በዚህ ዳገት ላይ መሬት ያለቀው በአባቶቻቸው ዘመን ነው። ስለዚህ ሰው የሚሸጠው አየር ነው። የጣሪያው ሶሌታ ጠንካራ የሆነለት ሰው ከሶሌታው በላይ ያለውን ባዶ ይሸጣል፤ ገዢው ብሎኬቱን ይደረድራል፣ የራሱን ሶሌታ ይሞላል፣ በተራው ደግሞ የእሱም አየር ዋጋ ያወጣል። የኑቢያ አባት ጣሪያውን ያስሞላው በአንድ እሑድ፣ በአርባ ጎረቤት ጉልበት ነው፤ ሴቶቹ ከታች በበርሜል ዶሮና ካሳቫ ይቀቅሉ ነበር። ከዓምዶቹ ጫፍ ላይ ፌሮዎቹን በየክንድ ቁመት አስቀርቷቸዋል፣ ለሚቀጥለው ሰው። ሲሞት ምድር ቤቱን ለኑቢያ፣ ፎቁን ለሩቢየል፣ አየሩን ለሁለቱም አለ። ሩቢየል ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ገዢውን ያገኘው እሱ፣ ዋጋውን የጠራውም እሱ። አወጣጡ ቀላል ነበር፤ ዛሬ ሲሚንቶ ስንት ነው፣ ፌሮ ስንት ነው፣ አሸዋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፣ ጎረቤት በነጻ የሠራውን የቀን ሒሳብ ጨመረበት፣ መጨረሻ ላይ «ለአባቴ ላብ» ብሎ ሁለት ሚሊዮን ከመረበት፤ ሃያ አራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ቤቱን የሚተምነው እንዲህ ነው። ኑቢያም ራሷን በእሺታ ነቅንቃ ነበር። ከድርሻዋ፣ ከአሥራ ሁለቱ፣ ሁለት ተጨማሪ የስፌት ማሽኖች ልትገዛና ከፋብሪካው ማዳበሪያ ልትላቀቅ አስባ።

ማዳበሪያውን ቤቷ ወርውራ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳታስተካክል፣ በቀጥታ ወደ ዶኛ ቤሬኒሴ መስኮት ሄደች። ዶኛ ቤሬኒሴ በመስኮቷ በኩል አሬፓ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ የምትጠብስ የስድሳ ዓመት ሴት ናት። የጣሪያዋን አየር አምና ሸጣለች፣ በሰማንያ ሚሊዮን። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ ራሷ ናት ለሁሉም የነገረችው።

«ዶኛ ቤሬኒሴ፣ አየርዎን በስንት ነው የሸጡት?»

«በሰማንያ። ምነው ልጄ፣ ጆሮሽን ታመምሽ እንዴ?»

«እኔ ዛሬ ልፈርም ነው። ለወሬ አይደለም የጠየቅኩዎ።»

ሴትየዋ አሬፓውን ገለበጠች፤ ያልበሰለውን ፊት አይታ መልሳ ገለበጠችው። «ውሉ ላይ ሠላሳ ነው የተጻፈው። ለግብሩ ብለን።»

«እጅዎ ላይስ የገባው?»

ዶኛ ቤሬኒሴ ግራና ቀኝ አየች። ከመስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ በጢስ መካከል «ሃምሳ ስምንት» አለች። «ለልጆቼ ሃምሳ ነው ያልኳቸው። ከአፍሽ ቢወጣ ይህን መጥበሻ ጭንቅላትሽ ላይ ነው የምደፋው።»

አንድ ጣሪያ፣ አራት ዋጋ። ኑቢያ ሳቋ መጣ፤ በጠዋቱ ያ ሰውዬ ካለው ነገር ሁሉ ይበልጥ የገረማት ይህ ነበር። ለሰፈሩ ሰማንያ፣ ለመንግሥት ሠላሳ፣ ለልጅ ሃምሳ፣ ለራስ ሃምሳ ስምንት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ መንገድ ላይ ስትሰፋ ስለ ቤት የሰማችው ዋጋ ሁሉ ከነዚህ ከአራቱ የትኛው እንደነበረ አሰበች፤ መልሱ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

ዩሊየት የመጣችው ያኔ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከላይኛው ደረጃ ሰፈር ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የቤት ዋጋ ገማች የሆነች ልጅ። የምርቃት ቀሚሷን የሰፋችላት ኑቢያ ናት። ለአንድ ባንክ ጥጉ ላይ ያለውን ቤት ስትለካ አርፍዳ አሬፓ ልትበላ መቆሟ ነበር፤ በእጇ በቀይ ብርሃን ርቀት የምታነብ፣ ከሳሙና የማትበልጥ መሣሪያ ይዛለች። ኑቢያ የኬብሉን ወሬ፣ ሃያ አራቱን፣ አስር ሰዓቱን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ዩሊየት እያኘከች ሰማች። ልጅቷ ከንፈር የምትመጥ ዓይነት አይደለችም።

«ሃያ አራቱ ከየት መጣ?»

«ከሲሚንቶው፣ ከፌሮው...»

«ቆይ። ያ እናንተ ያወጣችሁት ነው። ገዢ እናንተ ያወጣችሁትን አይገዛም፤ ነገ የሚኖርበትን ነው የሚገዛው። አባትሽ ወርቅ ቀብሮበት ቢሆንም ለሱ ሶሌታ ነው። ሰማንያውንም ተይው፤ የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው። እጅ የገባ ዋጋ ፈልጊ። ቢያንስ ሦስት። በዚህ ዓመት ወይም በአምናው የተሸጡ፣ ያንቺን የሚመስሉ። ከዚያ ልዩነታቸውን ትቀንሺያለሽ፣ ትጨምሪያለሽ። በቃ።»

«እንደ ልክ ነው በይኛ» አለች ኑቢያ። «ለአንድ ሴት ቀሚስ ስሰፋ ከባዶ አልነሳም። እሷን የምትመስል የሌላ ሴት ልክ በካርቶን አለኝ፤ ወገቧን አጠባለሁ፣ ክንዷን አስረዝማለሁ።»

ዩሊየት ማኘኳን አቆመች። «አስተማሪዬ ይህን ለማስረዳት አንድ መንፈቅ ፈጀበት» አለች። «በይ ነይ፣ ምሳዬን ላንቺ ሰጠሁ። የጃኬቴን ዚፕ ትቀይሪልኛለሽ።»

የዶኛ ቤሬኒሴ ሃምሳ ስምንት አንድ ነበር፤ የእሷም ቤት ከጣቢያው ሥር ነው፣ ደረጃውም በውጭ። ለሁለተኛው ወደ ዶን ኤቬሊዮ ወጡ፤ ከጣቢያው ዘጠና የሲሚንቶ ደረጃ በላይ። ኑቢያ ደረጃዎቹን ዕድሜዋን ሙሉ ወጥታቸዋለች፣ ቆጥራቸው ግን አታውቅም ነበር፤ ዛሬ እየጮኸች ቆጠረች። ዶን ኤቬሊዮ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው፤ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል። የሱ ጣሪያ ከእነ ኑቢያ ጋር እኩል ሃምሳ ሁለት ካሬ፣ ሶሌታው እንዲያውም የተሻለ፣ ደረጃውም በውጭ በኩል። መጀመሪያ ዋጋውን ደበቀ፣ ቀጥሎ ኑቢያ ደረቷን ይዛ ስታለከልክ አይቶ አዘነላት መሰል «አርባ አንድ» አለ። «በደንብ ተከራክሬ ነው። ሰውየው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ እዚህ ሲደርስ እንዳንቺ ነበር የሚያለከልከው። ዋጋዬን የበላው እሱ ነው፣ ትንፋሹ።»

«አሥራ ሰባት ሚሊዮን ለዘጠና ደረጃ» አለች ኑቢያ ሲወርዱ። ጣቶቿን እያጠፈች ነበር። አንዱ ደረጃ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ፔሶ ይጠጋል። ሽንኩርት ተሸክማ፣ ልጅ ተሸክማ፣ የአባቷን የሬሳ ሣጥን በጎረቤት ትከሻ አስይዛ የወጣችው የወረደችው ደረጃ ሁሉ ዋጋ ነበረው፣ ማንም አልነገራትም። ነገሩ እንደ ትኩሳት ያዛት። በየቤቱ ስታልፍ ግድግዳውን ሳይሆን ቁጥሩን ማየት ጀመረች፤ ይኼኛው ጥግ ላይ ስለሆነ ሁለት መስኮት፣ ያኛው ዝናብ የሚወርድበት ቦይ ሥር፣ ያኛው ከቡና ቤቱ ሙዚቃ በላይ። ዩሊየት ከኋላ «ቀስ በይ፣ የምትወድቂበትም ዋጋ አለው» ትላታለች።

ሦስተኛው የኦስፒና እህትማማቾች ጣሪያ ነበር፤ ከጣቢያው ትንሽ ወጣ ያለ፣ የሁለት ያላገቡ አሮጊቶች ቤት። እነሱ ዋጋቸውን አልደበቁም፤ አፍረውበት ስለማያውቁ። ሃያ። ታዲያ ገዢው ከገዛ ዓመት ሆኖታል፣ ብሎኬቱ ጣሪያው ላይ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። ምክንያቱም ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ብቸኛ ደረጃ ከሳሎናቸው ውስጥ ነው የሚነሳው፤ እህትማማቾቹ ደግሞ ከጸሎት በኋላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በሩን በብረት ይዘጉታል። «እኛ ምን አጠፋን?» አለች ታናሽየዋ፣ የሰባ አራት ዓመቷ። «አየር ሸጥን። በር አልሸጥን።»

ዩሊየት መንገድ ላይ ስትወጣ ፈገግ ብላ ነበር። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ወደ አረንጓዴዋ ቤት ሄዱ። ጣሪያው ላይ ለመውጣት የሩቢየልን በር አንኳኩ፤ ሚስቱ ሶራኒ ቴሌቪዥኑን ሳታጠፋ፣ ዩሊየትን ከእግር እስከ ራስ አይታ አስገባቻቸው። በሳሎኑ በኩል፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል በጎን እየተራመዱ፣ ከማድቤቱ ጥግ በተደገፈ የብረት መሰላል ወጡ። ላይ ነፋስ ነበር፣ የተሰጣ ልብስ ነበር፣ የአባቷ ፌሮዎች ዝገው ቀይ ሆነው ነበር፤ ከበላያቸው የኬብሉ ሣጥኖች ያልፋሉ። ዩሊየት ቀይ ብርሃኗን ከጫፍ ጫፍ ተኮሰች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ወደ መሰላሉ ዞር ብላ ቆመች።

«ገዢው በየት ነው የሚወጣው?»

ኑቢያ መሰላሉን አየች። የኦስፒና እህትማማቾች ሳሎን ትዝ አላት። «ታዲያ ሃያ አራት ትክክል ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «የሃያዋ ጣሪያ ራቅ ያለች ናት፣ የኛ ጣቢያው ሥር ነው፤ አራት ጨመረ። ሩቢየል በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛው ቤት ደረሰ።» ሰውየው ግን ሃምሳ ብሎ ነበር። ለምን ሃምሳ? ቀጥሎ በኬብሉ ሣጥን ውስጥ የሰማችው ሌላው ቃል ተመለሰላት፤ መተላለፊያውንማ እህትየዋ ትሰጣለች።

ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሄዳ ወደ ታች አየች። ከመንገዱ ተነስቶ፣ በቤቱ ጎን ተጠግቶ፣ የሩቢየልን ሳሎን ሳይነካ እስከ ሶሌታው የሚደርስ ደረጃ ሊቆም የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በስፌት ክፍሏ መስኮት በኩል። አንድ ሜትር ስፋት፣ አራት ሜትር ርዝመት፤ ማሽኗ የቆመበት፣ ብርሃን የሚገባበት። ወንድሟ እሷን ሳይጠይቅ የሰጠው ያንን ነው። ያለሱ ሰፍታ መኖር አትችልም፤ ጨለማ ውስጥ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አይሰፋም።

ዩሊየት አጠገቧ መጥታ ቆመች። የምታወራው እንደ ልማዷ በችኮላ ነበር። «ስሚ። የዚህ አየር ዋጋ ደረጃ ካለው ሃምሳ ስድስት ነው፤ ከዶኛ ቤሬኒሴ ትንሽ ያንሳል፣ አንድ ፎቅ ስለሚበልጥ። ደረጃ ከሌለው ሃያ አራት። መካከሉ ሠላሳ ሁለት። ደረጃውን ለመሥራት ዘጠኝ ያወጣል። ስንት ቀረ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ያቺ ሜትር ለሱ ሃያ ሦስት ታወጣለች። ላንቺ ደግሞ መስኮቱን ስታጪ ቤትሽ አምስት ይቀንሳል። ከአምስት በታች ከሸጥሽ አንቺ ሞኝ ነሽ። ከሃያ ሦስት በላይ ከጠየቅሽ እሱ ሞኝ አይደለም። መካከሉ ላይ የሚቆመው ቁጥር የገበያ ዋጋ ይባላል፤ የሚያቆመው ደግሞ አፍሽ ነው።» ሰዓቷን አየች። «እኔ ባንኩ ይጠብቀኛል።»

ኑቢያ ብቻዋን ቀረች፤ ከዚያ ሳቀች፣ ጮክ ብላ፣ የተሰጣው የሶራኒ አንሶላ መሃል ቆማ። አራት ካሬ የስፌት ክፍል ከሃምሳ ሁለት ካሬ ጣሪያ ጋር በዋጋ ሊስተካከል አንድ ሚሊዮን ጎደለው። ከድርሻዋ ጋር ሲደመር፣ ከጣቢያው ሥር ተዘግታ የቆየችውን አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ማሽን ለመደርደር ይበቃል። እዚያ ደግሞ መስኮቱ ሙሉ ግድግዳ ነው።

አስር ሰዓት ላይ ገዢው መጣ። ሴኞር ጊልዳርዶ ይባላል። የሩቢየል ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ሲቀመጥ የአየሩ ግማሽ ያልቃል፤ ሶራኒ የሸንኮራ ውኃ በብርጭቆ ደረደረች፣ ሩቢየል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ ያስተካክላል። ሰውየው ኑቢያን ሲያይ ግንባሩ ተሸበሸበ፤ የት እንዳያት ያስታውስ ዘንድ ጊዜ አልሰጠችውም።

«በሃያ አራቱ ተስማምቻለሁ» አለች። «የደረጃ አልባ አየር ዋጋው እሱ ነው።»

«ደረጃውማ...» አለ ገዢው፣ ወደ ሩቢየል እያየ።

«ደረጃው በኔ ክፍል ነው የሚያልፈው። የኔን ሜትር ግን እስካሁን ማንም አልገዛም።»

ሩቢየል ብርጭቆውን አየ። «አንድ ሜትር እኮ ናት፣ ኑቢያ» አለ፣ ለብርጭቆው ይመስል።

«ለማን?»

ሶራኒ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገች። ሩቢየል ክፉ ሰው አይደለም። እናታቸው በሕይወት ሳለችም የኑቢያን ብስክሌት ለጎረቤት አውሶባታል፣ ክፍሏን ለአጎታቸው ልጅ አስለቅቋታል፤ የእህት ነገር ሁሉ የወንድም የሚመስለው ሰው ነው፣ ያንን ስህተት ብሎት አያውቅም። አሁን ጆሮው ቀይ ሆኖ ነበር።

«ስንት?» አለ ሴኞር ጊልዳርዶ።

«ሃያ ሦስት።»

ሰውየው ሳቀ። ኑቢያ አልሳቀችም፤ የዶኛ ቤሬኒሴን፣ የዶን ኤቬሊዮን፣ የኦስፒና እህትማማቾችን ጣሪያ አንድ በአንድ፣ ስም ሳትጠራ፣ እጅ የገባ ዋጋቸውን ብቻ ዘረዘረችለት፤ ከዚያ ዘጠኙን የደረጃ ወጪ ቀነሰችለት። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ይህ ሰው አየር ሲገዛ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ቁጥሮቹን ከእሷ ይበልጥ ያውቃቸው ነበር። «መጀመሪያ ሜትር መሙላቱን ልይ» አለ።

ወረዱ። ኑቢያ በልብስ ጠመኔ የስፌት ክፍሏ ወለል ላይ ከመስኮቱ ትይዩ አንድ መስመር ሳበች፤ በችኮላ ስለነበር ትንሽ ተጣመመ። ገዢው የኪሱን ሜትር አውጥቶ ዘረጋ፤ ሜትር ግን በአንድ ሰው አይለካም። ጫፉ እየተጠቀለለ ሁለት ጊዜ ከግድግዳው ሸሸበት። ቀጥሎ ሩቢየል በንጹሕ ሱሪው ተንበረከከና ዜሮውን ከግድግዳው ጋር በአውራ ጣቱ ያዘ።

«ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር» አለ ገዢው፣ ፊቱ እየበራ። «አይሞላም። አሥራ አምስት እሰጥሻለሁ፣ ከመልካም ፈቃድ ጋር።»

«ማሽኑ ነው» አለ ሩቢየል ከወለሉ። ዓይኑን ከሜትሩ ላይ አላነሳም። «እግሩ መስመሩ ላይ ወጥቷል። ማሽኑ ቢገፋ ይሞላል።»

«ያ ማሽን የሚገፋው በሃያ ነው» አለች ኑቢያ።

ሴኞር ጊልዳርዶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከጣቢያው ሰው እየፈሰሰ ነበር፤ ሁሉም በዚች መስኮት ሥር እያለፈ፣ ማንም ሳያለከልክ። ይህን ያህል ሰው ቤት የሚከራይበት ዋጋ በዓይኑ ውስጥ ሲያልፍ ኑቢያ አየችው፤ ከጠዋት ጀምሮ የእሷም ዓይን እንዲህ ሳይሆን አልቀረም። ሰውየው ሜትሩን ለቀቀ፤ ሜትሩ እየጮኸ ወደ ጎጆው ገባ።

«ሃያ» አለ።

ሩቢየል ጉልበቱን አራግፎ ተነሳና የማሽኑን ጠረጴዛ በአንድ ጫፍ ያዘ። ኑቢያ ሌላውን ያዘች። ከተቀመጠበት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሲነሳ ከሥሩ ጸሐይ ያልነካው የወለሉ ቀይ ወጣ፣ አባታቸው ያነጠፈው ቀን እንደነበረው። ወንድምና እህት አላዩትም፤ ከባድ ነበር፣ በሩም ጠባብ ነው። «ዝቅ አድርጊው» አለ ሩቢየል። «አንተ ነህ ዝቅ የምታደርገው» አለች። ካስቀመጡት በኋላ ጠመኔዋን አንስታ መስመሩን እንደገና ሳበች፤ ይህን ጊዜ ቀጥ አድርጋ።